የእርሳስ ስም

ከእንጨት ተራ ጫፍ፣ ሂርማታ ገበያ፣
የአባ ሙዘይን ሱቅ፣ የዱቤ መዝገቢያ፤
ሳሙናው በግራ፣ ስኳሩ በቀኝ፣
መሃሉ ላይ ደብተር፤ እሱ ነው የሚያውቀኝ።

ጠራቢ ነኝ እኔ፤ በርጩማ ሦስት እግር
ከዋንዛ አወጣለሁ፤ ካልተሸጠ ችግር።
ሐሙስ ገበያ ነው፤ ሐሙስ ከዘነበ፣
ስሜ በአባ ሙዘይን እርሳስ ተከተበ።
አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ፤ ጻፉ፣ ከፈልኩ፣ ሰረዙ፤
አንድም ቀን ከአፋቸው ክፉ አልመዘዙ።

ዘንድሮ መጋዝ አማረኝ፣ በመብራት የሚሠራ፤
ክንዴ ደክሞ ነበር፣ ትዕዛዙ ሲያፈራ።
ባንክ ሄድኩ። ወረፋ። ቁጥሬ ሲጠራ፣
ኢፍቱ የምትባል ልጅ አየችኝ በተራ፦
«የቤት ካርታ አለዎት?» «የለኝም።» «መኪና?»
«ጣውላ አለኝ፣ መጥረቢያም።» ሳቀች በትሕትና።
«የብድር ታሪክስ?» አለችኝ ቀጥላ።
«አለ! ሞልቶ!» አልኩኝ፣ ወንበሩን ገፍቼ ወደ ኋላ።

ሮጥሁ፤ ተመለስሁ በላብ ተጠምቄ፣
ሦስት የዱቤ ደብተር በብብቴ ጨምቄ።
ገለጠች። ዝም አለች። ደግማ ገለጠች።

ፊደሉ ዐረብ ነው፤ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ፤
ከሼኽ ዘንድ የተማሩት፣ በልጅነት፣ ያኔ ቀድሞ።
«አያቴ ቢኖሩ ያነቡት ነበረ፤
እኔ ግን...» አለችኝ፤ ቃሏ ተሰበረ።
«ኮምፒውተሩ ደግሞ እርሳስ አያነብም፤
አሥራ አንድ ዓመትዎ እሱ ጋ አይቆጠርም።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦
«በስልክ ብድር አለ፣ ትንሽ፣ አምስት መቶ፤
ክፍያው ስንት እንደሆነ ይወቁት ተሰልቶ።
ከግርጌ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ያንብቧት፤
ዝምተኛ ትመስላለች፤ ጥርስ ግን አላት።
ቀኑ ሳይደርስ ይክፈሉ፤ ቢፈቅዱልዎም ሙሉ፣
ግማሹን ይተዉላቸው፤ ይታዘባሉ፣ ያያሉ።»
«ወለድስ?» አልኳት፤ ይሄ ነው የከበደኝ።
«ወለድ አልባ መስኮት አለን፤» ተነሥታ ወሰደችኝ።

ጎረቤቴ ሸምሱ፣ ባጃጅ የሚነዳ፣
ከአንዱ ስልክ ተበድሮ ለሌላው ይከፍላል ዕዳ።
ሦስት ሲም ካርድ አለው፣ ሦስቱም ይጮሃሉ፤
ሌሊት ከትራሱ ሥር ስሙን ይጠራሉ።
«ሁሉንም ውሰደው! እጅህ ገብቶ የለም?»
«ገብቷል» እለዋለሁ፤ «እጄን ግን አልሰጥም።»

አምስት መቶ ፈቀዱ፤ ሁለት መቶ ወሰድኩ፤
ለቫርኒሽ፣ ለኮላ። ቀኑ ሳይደርስ ከፈልኩ።
አንድ ወር፣ ሁለት ወር። ስልኩ በዝቅታ፣
«ሺህ ተፈቅዶልዎታል» አለ አንድ ማታ።
እንደ ሰላምታ ቆጠርኩት፤
አመስግኜ ተኛሁ።

ዓመት አለፈ። መጋዜ ገባ። ጮኸ። ሰፈሩ ሰደበኝ።
እኔ ግን ድምፁ ስሜን ሲጠራ መሰለኝ።

ትናንት አባ ሙዘይን ሱቃቸውን ዘግተው
መጡ ወደ ሥራዬ፣ ኮፊያቸውን ጨብጠው።
«ፍሪጅ ፈልጌ ነበር፤ ወተቱ ተበላሸ፤
ባንኩ ግን ስሜን ፈልጎ፣ ፈልጎ፣ ሸሸ።»

አርባ ዓመት የሰውን ስም በእርሳስ ሲጠብቁ
የራሳቸውን ስም የትም አልጻፉም።
«ዋስ ይምጣ አሉኝ፣» አሉ፣ ፍቅፋቂውን በእግራቸው እየሰበሰቡ።
«ነዚፍ...»
ከዚያ በላይ አላስጨረስኳቸውም።
መጋዙን አጠፋሁ።

ከባንክ ስንወጣ አዌቱ ሞልቶ ነበር።
ድልድዩ ላይ ቆሙ፤ እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ አወረዱ፤
ደብተሩን ገልጠው፣ አዲስ ገጽ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ጻፉ።
እንደ ኢፍቱ እኔም ማንበብ አልችልም።
«ምን ይላል?» አልኳቸው።
«የእኔ ዱቤ ነው» አሉ። «አንተ ዘንድ።
ከፍዬ ስጨርስ የምትሰርዘው አንተ ነህ፤»
እርሳሱን ሰጡኝ፤
ጫፉ በጥርስ የተበላ፣ የጣት ያህል ያጠረ።